ክቡር ተመልካች ሴሻድሪ

ዓለም በቃኝ ያለ ጎረቤት የሌለው ሰፈር የለም። እንዲህ ያለ ሰው ጫካ ቢገባ ወይም ዋሻ ቢዘጋ ማንም ባልተቸገረ፤ ግን አይገባም። ዓለምን የሚተዋት እዚያው በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ቁርሱ በሰዓቱ እየቀረበለት ነው። የኛ ሰፈሩ ዓለም በቃኝ ባይ ሴሻድሪ ይባላል። ቤታችን አንድ ግድግዳ ይጋራል፤ ስለዚህ እሱ ዓለምን ሲንቅ እኔ ጥርት አድርጌ እሰማለሁ።

ሴሻድሪ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበር። በከተማችን በኩምባኮናም ውስጥ አንገቱን ያላስገባበት ጓዳ የለም። ገብቶ ያያል፣ ይጽፋል፣ ይወጣል፤ ምንም አይነካም። እኔ ደግሞ የሐር ሳሪ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የኔ ሥራ መንካት፣ መዘርጋት፣ መማልና መገዘት ነው። ስለዚህ ከሁለታችን አንዳችን ለቅድስና መመረጥ ካለብን ተራው የእሱ ነበር ማለት ይቻላል።

ነገሩ የጀመረው ከሰሜን አንድ መነኩሴ መጥተው በቤተ መቅደሱ አዳራሽ ምሽት ምሽት ያስተማሩ ጊዜ ነው። አብረን ሄድን። መነኩሴው እንዲህ አሉ፦ "ሆድህ ሲርበው የሚያውቅ አንድ አለ፤ የሚያውቀው ግን አይርበውም። ልብህ ሲያዝን የሚያይ አንድ አለ፤ የሚያየው ግን አያዝንም። አንተ ማለት ያ የሚያየው ነህ።" ሳክሺ ይሉታል፤ ሁሉን የሚያይ፣ ምንም የማይነካው ተመልካች። እኔ እዚህ ድረስ ሰምቼ እንቅልፍ ወሰደኝ። ሴሻድሪ አልተኛም። ጣጣው ሁሉ የመጣው እሱ ባለመተኛቱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የሚስቱን የአላሜሉን ድምፅ በግድግዳው በኩል ሰማሁ።

"ወተቱን እየው ብዬህ አልነበር ወይ?"

"አይቼዋለሁ እኮ" አለ ሴሻድሪ፣ ድምፁን የመነኩሴውን አስመስሎ። "ሲሞቅ አየሁ። ሲነሳ አየሁ። ሲገነፍልም አየሁ።"

"እሳቱን ብታጠፋው ምን ነበረበት?"

"ማጥፋት የአድራጊ ሥራ ነው። እኔ ተመልካች ነኝ።"

ከዚያ አንድ የብረት ዕቃ ከግድግዳችን ጋር ሲጋጭ ሰማሁ። ማን እንደወረወረው አልጠየቅኩም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ "ክቡር ተመልካች" የሚል ማዕረግ ሰጣቸው። እሳቸውም ደስ አላቸው፤ ደስታው ከሩቅ ሲመጣ እንዳዩትም አስረዱን። ስለ ራሳቸው እንደ ሩቅ ዘመድ ማውራት የጀመሩትም ያን ጊዜ ነው። "ሴሻድሪ ርቦታል" ይላሉ በረንዳ ላይ ሆነው። አላሜሉ ደግሞ በዋዛ የምትበገር ሴት አይደለችም። "ለሴሻድሪ ንገርልኝ" ትላለች ከጓዳ፣ "የቁርሱ ኢድሊ አልቋል፤ የትናንት ሩዝ ካላስጠላው አለለት።" ክቡርነታቸው መልእክቱን ለሴሻድሪ አድርሰው ሩዙን ሊወስዱ ይነሳሉ።

በበጋ ሴቶቻችን የሩዝ ሊጥ ጣራ ላይ በተዘረጋ ጨርቅ ጠብ ጠብ አድርገው ያደርቃሉ፤ ዓመቱን ሙሉ እየተጠበሰ ይበላል። ሊጡ እስኪደርቅ ቁራ የሚያባርር ሰው ያስፈልጋል። ባለቤቴ ፓድማ "ሥራው ማየት ከሆነ እስኪ የኛንም ይይልን" ብላ ረጅም ዱላ አስይዛ ጣራ ላይ አስቀመጠችው። ከሰዓት በኋላ ስትወጣ ጨርቁ ላይ የቀረው ጨው ብቻ ነበር።

"ጋሽ ሴሻድሪ፣ ቁራዎቹ ሲበሉ የት ነበሩ?"

"እዚሁ ነኝ። መጀመሪያ የመጣችው አንድ እግሯን ታነክሳለች። ሌሎቹ ሲሻሙ እሷ ከዳር ከዳር ቀጭን ቀጭኑን እየመረጠች ትበላለች። እንዴት ያለች ጨዋ መሰለችሽ።"

"ዱላው እጅዎ ላይ ነበር እኮ።"

"ዱላውንም እያየሁት ነበር።"

ፓድማ ያን በጋ ሙሉ ሰላምታ ነሳችው።

ጥርሱን ያመመው ጊዜ ወደ ሐኪም የወሰድኩት እኔ ነኝ። "ጥርሱን ያመዋል፤ እኔን ግን አያመኝም" እያለ በመንገዱ ሁሉ ሲያስተምረኝ ሄደ። ገባ። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ የወጣው ጩኸት ተራ ይጠብቁ ከነበሩት በሽተኞች ግማሾቹን አዳናቸው፤ ብድግ ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሲወጣ "ማነው እንደዚያ የጮኸው?" አልኩት። ጉንጩን እንደያዘ "አካሉ ነው" አለኝ። "በጣም አሳፈረኝ።"

ግን ተመልካቹ ድራሹ የሚጠፋበት አንድ ቦታ ነበር፤ ጋዜጣው። ጋዜጣውን ከሴሻድሪ በፊት የገለጠ፣ ገልጦም አጣጥፎ ያላስቀመጠ ሰው ወዮለት። አንድ ቀን ተሳስቼ ገለጥኩና ከዘር ማንዘሬ ጀምሮ የተዘረዘረ ስድብ ሰማሁ። ሲበርድለት "የታለ ተመልካቹ?" አልኩት።

"ቁጣው ሲመጣ አይቼዋለሁ" አለ ፀጉሩን እያስተካከለ። "እንግዳ ነው። እኔ አልጠራሁትም።"

"እንግዳህ ስለ አያቴ ይህን ሁሉ ከየት ሰማ?"

ጋዜጣውን ዘርግቶ ፊቱን ከለለ።

አሁን ሳቃችሁን ትንሽ ያዙልኝና ቫሱዳን ላስተዋውቃችሁ። የሴሻድሪ አንድ ልጅ ናት። ሕፃን ሳለች ቆጣሪ ሊያነብ ሲወጣ ብስክሌቱ ፊት ላይ አስቀምጧት ይዞር ነበር፤ ቁጥሩን እሷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እሱ ይጽፋል። አድጋም ቢሆን እሱን በሳቅ የምታፈርሰው እሷ ብቻ ነበረች። ይቺ ልጅ ስሪቫትሳን የሚባል የባቡር ምልክት መሐንዲስ ወደደች። የተዋወቁት ባቡር ውስጥ ነው። ባቡሩ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ እሷ ስታማርር፣ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ ለምን መቆም እንዳለበት ቺዳምባራም እስኪደርሱ አስረዳት። እንዲህ ያለውን ሰው የወደደች ልጅ ከልቧ ነው የወደደችው።

ልጁ መልካም ልጅ ነው። አንድ ነገር ብቻ አለበት፤ ደንብ ከተባለ ወይ ፍንክች። ቀይ ካየ ይቆማል፤ ቀይ ካላየ ሰማይ ቢደፋ አይቆምም። ሥራውም ናግፑር ነው፤ ከኛ ባቡር ውስጥ አድረው የሚደርሱበት፣ ሰው ሌላ ቋንቋ የሚናገርበት አገር።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። በኛ ሠርግ ጠዋት ላይ አንድ ጨዋታ አለ። ሙሽራው "ትዳር በአፍንጫዬ ይውጣ፣ ሰሜን ድረስ ወደ ቅድስቲቱ ከተማ ወደ ካሺ ሄጄ እመንናለሁ" ብሎ ጃንጥላውንና ምርኩዙን ይዞ ይነሳል። ያን ጊዜ የሙሽሪት አባት ኮኮናት ይዞ ፊቱ ይቆምና "ልጄ፣ ምንኩስናው ይቆይህ፤ ልጄን ልስጥህ" ብሎ ይለምነዋል። ሙሽራው ትንሽ ይግደረደራል፣ ይመለሳል። ሰው ይስቃል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ያልቃል። በዕድሜዬ ከአዳራሹ በር ያለፈ ሙሽራ አይቼ አላውቅም ነበር።

ስሪቫትሳን ጃንጥላውን ዘርግቶ መራመድ ጀመረ። ሴሻድሪ ኮኮናቱን ይዞ፣ ያቺን የመነኩሴ ፈገግታ ፈገግ ብሎ፣ በሩ ሥር ቆሟል። ሙሽራው አጠገቡ ደረሰ። አለፈው። መለከት ነፊዎቹና ከበሮ መቺዎቹ ማንም አቁሙ ስላላላቸው እየነፉና እየመቱ ተከተሉት። ፎቶ አንሺው ወደኋላ እየተራመደ ፊት ፊቱን ያነሳዋል። ሁሉም ተያይዘው ከበሩ ወጡ።

ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። የሙሽሪት አጎት ሊሮጥ ሲል ካህኑ ክንዱን ያዙት፤ "አባት በቁሙ እያለ? አይሆንም።" የሙሽራው አባት ፊታቸው ጠቁሯል። "እኛ ልጃችንን አናስቆምም" አሉ። "አባትየው ካላስቆመው ልጄን አልሰጥም ማለቱ ነው። ይሄ በኛ አገር ስድብ ነው።" ካህኑ ሰዓታቸውን ያያሉ። መልካሙ ሰዓት እያለፈ ነው፤ ወሩም ነገ ያልቃል፤ ቀጥሎ የሚገባው ወር ሠርግ የማይደረግበት ወር ነው።

እየገፋሁ አጠገቡ ደረስኩ።

"ሴሻድሪ፣ ሰውየው ሄደ እኮ።"

"እያየሁ ነው።"

"ከበሩ ወጣ።"

"እሱንም እያየሁ ነው።"

አንገቱን ላንቀው ምንም አልቀረኝም። ያን ጊዜ ኮኮናቱን አየሁት። እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አጥብቆ አቅፎታል። ፈገግታውም ፊቱ ላይ አለ እንጂ ባለቤት የለውም።

"ሳራቲ" አለኝ በቀስታ። "ያ ሰው ልጄን ናግፑር ሊወስዳት ነው። እኔው ሮጬ፣ እኔው ፊቱ ቆሜ፣ እባክህ ውሰድብኝ ልበለው? ይሄን ደንብ ያወጣው ሰውዬ ልጅ አልነበረውም?"

ያኔ ነው የገባኝ። መነኩሴው የመጡት ቫሱዳ በታጨችበት ሰሞን ነበር። ሴሻድሪ ዓለም በቅቶት አያውቅም። አንድ ቀን የሚመጣውን ሐዘን ቆሞ የሚያየው እንጂ የሚያዝነው እሱ እንዳይሆን፣ ከወተቱና ከቁራው ጀምሮ ሲለማመድ ነው የከረመው። በዚህ ሰው ስንት ቀን ስቄበታለሁ። አንጀቴን በላው።

ከላይ መስኮት ተከፈተ። ቫሱዳ ናት፤ ግማሽ ፀጉሯ አበባ ተሰክቶበታል፣ ግማሹ ገና ነው።

"አባ።"

ቀና አለ።

"ስሪ አይቆምም። ታውቀው የለ?"

"አውቀዋለሁ ልጄ።"

"ወርጄ እኔው ባስቆምኩት። ግን አንተ እንድትሰጠኝ ነው የምፈልገው።" በመስኮቱ ወደ እሱ ጎንበስ አለች። "ሌላ ሰው እንዲሰጠኝ አልፈልግም አባ።"

ክቡር ተመልካቹ የሐር ሽርጣቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰበሰቡ። ጫማቸውን ከእግራቸው ጣሉ። ከዚያ ሮጡ።

ወገኖቼ፣ እንዲህ ያለ ሩጫ አይቼ አላውቅም። ሆድ ይቀድማል፣ ኮኮናት ይከተላል፣ ሴሻድሪ በመጨረሻ ይመጣል። በቤተ መቅደሱ ኩሬ ዳር፣ በሙዝ ቅጠል ሻጮቹ መሃል፣ አንዲት ላም ዘወር እስክትል እንኳ ሳይጠብቅ በሆዷ ሥር ሊሾልክ ምንም አልቀረውም። እኔ ከኋላው፣ ፓድማ ከኋላዬ፣ ከእሷ ኋላ ደግሞ ምን እንደሆነ ያልገባው ወጥ ሠሪ ጭልፋውን ይዞ ይሮጣል። "ማን ሞተ?" ይላሉ መንገድ ላይ። "ማንም አልሞተም፣ ሠርግ ነው" ይላል ወጥ ሠሪው፣ ራሱም ሳያምንበት።

ስሪቫትሳን አውቶቡስ ማቆሚያው ደርሷል። አንድ እግሩን ደረጃው ላይ አሳርፏል። መለከቱ ጆሮ ያደነቁራል።

"ወዴት ነህ?" ይለዋል ቲኬት ቆራጩ።

"ካሺ።"

"ካሺ? እኛ ታንጃቩር ድረስ ነን። ከዚያ ወዲያ ያለውን ከእግዜር ጋር ተነጋገር። እነዚህ ሰዎችስ፣ ካንተ ጋር ናቸው?"

ከመስኮቱ አንዲት አሮጊት አንገታቸውን አወጡ። "አንተ ልጅ፣ ሙሽራ አይደለህም እንዴ?"

"ነኝ እማማ" አለ ስሪቫትሳን በሐዘን። "ግን ማንም አላስቆመኝም።"

ሴሻድሪ ደረሰና ጃንጥላውን ጨምድዶ ያዘ። ይህን ጊዜ የሚባል የቆየ ቃል አለ፤ ሌሊቱን ሲያጠናው ሰምቼዋለሁ። አንዱም አልመጣለትም።

"ቁም" አለ እያለከለከ። "አንተ ልጅ፣ ቁም።"

"ቆሜያለሁ አባባ።"

"ካሺ ሄደህ ምን ትሠራለህ? ሙቀት ነው።"

አውቶቡሱ በሳቅ ፈነዳ። ሴሻድሪ አልሰማቸውም።

"ልጄን ልስጥህ። ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ አታናግራት። ትኩሳት ሲይዛት ደህና ነኝ ትላለች፤ አትመናት፣ ግንባሯን ንካ። መንገድ ስትሻገር ወደ አንድ ጎን ብቻ ነው የምታየው፤ ነግሬያት ነግሬያት ደክሞኛል። ሌላውን ጎን አንተ እይላት።" እዚህ ላይ እንባው መጣ፤ አልጠረገውም። "እባክህ ውሰዳት።"

ሳቁ ቆመ። ስሪቫትሳን ጃንጥላውን አጠፈና ጎንበስ ብሎ የሴሻድሪን አቧራ የለበሰ እግር ነካ።

"አባባ፣ በየመታጠፊያው ዞሬ ሳይ ነበር። ልቤ ሊወጣ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልቆምክም?"

"ደንቡ ዞሮ ማየትን አይከለክልም። መቆምን ነው የሚከለክለው።"

"ሰዓቱ" አልኩ እኔ፣ የካህኑ ፊት ትዝ ብሎኝ። ቲኬት ቆራጩ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ጠረገና ወደ ሾፌሩ ዞረ። "አዙረው" አለው። ሾፌሩ እምቢ ሊል ነበር፤ አሮጊቷ "አዙረው ተባልክ እኮ" አሉት። የታንጃቩር አውቶቡስ ከነመንገደኛው፣ ከነመለከቱና ከነከበሮው፣ ጥሩንባውን እየነፋ ወደ ሠርጉ አዳራሽ ተመለሰ። ወጥ ሠሪው ጭልፋውን በመስኮት አውጥቶ መንገድ ያስለቅቃል። መንገደኞቹ ሁሉ ሠርጉን በልተው ነው የሄዱት።

በአውቶቡሱ ውስጥ ሴሻድሪ አጠገቤ ተቀምጦ ትንፋሹን ሲሰበስብ ቆየ።

"ሳራቲ፣ መነኩሴው ያሉት እውነት ነው።"

"ደግሞ ጀመረህ?"

"ስሮጥ የሚያየኝ ነበር። ውስጤ ሆኖ፣ ዝም ብሎ። ሳለቅስም ያየኛል። ግን አትሩጥ አላለኝም፣ አታልቅስ አላለኝም። እኔ ይከለክለኛል ብዬ ነበር የማስበው።"

መነኩሴው ይህን ሲያስተምሩ እኔ ተኝቼ ነበር።

ሰዓቱ ሊያልፍ ጥቂት ሲቀረው ደረስን። በኛ ወግ ሙሽራው የትዳሩን ክር አንገቷ ላይ የሚያስርላት ሙሽሪት አባቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ነው። ቫሱዳ ተቀመጠች። መለከቱ ጮኸ፣ ሩዝና አበባ ተበተነ፣ ሦስቱ ቋጠሮ ታሰረ። ማምሻውን ባቡር ጣቢያ ሄደን ሸኘናቸው። ባቡሩ በሰዓቱ ተነሳ።

በማግስቱ በረንዳ ላይ አገኘሁት። ጋዜጣው ሳይገለጥ ጭኑ ላይ አለ። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"ሳራቲ፣ ክሩን ሲያስርላት እንዴት ነበር?"

"ጭንህ ላይ ሆና እኮ ነው የታሰረላት።"

"ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ማየት አልቻልኩም።"

"ፎቶው አለልህ።"

"ፎቶ ምን ይነግረኛል? አንተ ፊት ለፊት ነበርክ። አንተ ንገረኝ።"

ነገርኩት። የስሪቫትሳን ጣቶች እንደተንቀጠቀጡ፣ የመጀመሪያው ቋጠሮ አንድ ጊዜ እንደሾለከበት፣ ቫሱዳም እንዲመቸው አንገቷን ዘንበል እንዳደረገችለት። ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ሰማኝ። በሚቀጥለው ምሽት "እስኪ ድገምልኝ" አለኝ። ይኸው ወራት አለፈ፣ ምሽት ሲሆን ግድግዳውን ዞሬ እሄዳለሁ፣ እነግረዋለሁ። እየቆየ ይረዝማል። ትናንት ቫሱዳ ፊቷን ወደ አባቷ መለስ አድርጋ እንዳየችውና ፈገግ እንዳለችለት ጨመርኩበት። "ፈገግ አለች?" አለ። "አለች" አልኩት። አላሜሉ ከጓዳ ሆና ትሰማናለች፤ አታርመኝም።

እኔም ክሩ ሲታሰር አላየሁም። ያን ጊዜ ሁሉ የማየው ሴሻድሪን ነበር።